ባዶ ጋን

አዛናው ተጎታች ቤቱን ከደባርቅ አውርዶ፣
አዘዞ ጋራዤ ቆመ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ተናድዶ።
«ማሞቂያው አለቀሰ፤ ወለሉም ፍራሹም ራሰ፤
እንግዶቹ ሆቴል ገቡ፣ ቀብዱም ተመለሰ።»

ፈታሁት። ጋኑ ስፌቱ ላይ ተሰንጥቋል በቁመት።
ሌባ አልገባም፤ ሳንቃበር ላይ ውርጭ ነው ያደረበት።
ውሃ ሲረጋ ያብጣል፣ ቦታ ይሻል ለመተኛት፤
ብረቱን እንደ አቡጀዴ ይቀድዳል፣ ያጣ ለት።

ሬዚስታንሱን መዘዝሁ፤ እንደ ከሰል ጠቁሯል።
«ይኸስ? ይኸንንም ውርጭ አቃጥሎታል?»
ጫማውን አየ። «ሰፈራችን ውሃ ከጠፋ ሦስት ቀኑ፤
ይመጣል ብዬ አበራሁት፣ ባዶ ሳለ ጋኑ።»
ይመጣል! አንገረብን ስንቱ ደጅ ጠንቶ ጠበቀ፤
ባዶ ጋን ላይ እሳት ግን አንድ ደቂቃ አልጠበቀ።

«ስማ። መጀመሪያ ውሃ። ቧንቧው ያስል፣ ይትፋ፣
አየሩ ይውጣ፤ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ያኔ እሳት ይፋፋ።
ወደ ብርዱ ስትወጣ ግን፣ ሳይመሽ የስሩን ብሎን ፍታ፤
አትሳሳለት፤ ይፍሰስ፤ ባዶውን አሳድረው ማታ።»

ራሱን ነቀነቀ። ዱቤ ጻፍሁለት።

ሰኞ ጠዋት በበሬ አለፈ፣ ወደ ፒያሳ ሽቅብ።
ብሎኑን ከአሁኑ ፈትቶታል፣ ደባርቅን እንኳ ሳይቀርብ!
ውሃው አስፋልቱ ላይ ቀጭን መስመር እያሰመረ፣
ከኋላው ቢጫ ጀሪካን ይዞ ሰፈር ሙሉ በረረ።
መስቀለኛው ላይ ሲቆም፣ ልጮህ እጄን አነሳሁ፤
የወይዘሮ ጣይቱ ጀሪካን ሲሞላ ሳይ፣
ኪሴ ከትቼ ረሳሁ።