ሲስተም መጣ

የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ሳይዘምን ቢሯችን፣
«ሲስተም የለም» ነበር ለባለጉዳይ ሁሉ መልሳችን።
ሰዉ ይስቃል፣ ይራገማል፣ ወረቀቱን ያጥፋል፣
ሞቢል ጋ ሻይ ጠጥቶ ከሰዓት ይመለሳል።
አሁን ሲስተም መጣ።
መጣና፣ ሳይጋበዝ፣ ከኔ ፊት ተቀመጠ፤
የማላውቀውን አወቀ፤ የማውቀውን ረገጠ።

ብርቱካን ሹናሞ፣ አሞራ ገደል ቆሮሶ የምትበልት፣
እስከ ክርኗ ድረስ ቅርፊት የሚያበራባት፣
ያልተሸጠው ዓሣዋ በአባ ኮዳ እየተበላ
ቢሰለቻት፣ ላገለገለ ማቀዝቀዣ ቀብድ ከፍላ፣
መጣች። ሃያ ሺህ ብር፣ በዓመት የሚመለስ።
ስልኳን አቀበለችኝ፤ ክዳኗ በላስቲክ የታሰረ፣ ባትሪው እንዳይፈስ።

አውቃታለሁ እኮ። ባሏን ቀብራ፣ ሳትጨርስ ሐዘኗን፣
«የሰው ገንዘብ ነው» ብላ በቀኑ የጣለች ዕቁቧን።

ሲስተሙ ግን አነበባት።
ማታ በሁለት ሰዓት ስልኳ ይዘጋል። ለባትሪ ነው፤ እሱ ሽሽት አለው።
ሲሙ የወጣው በሟች ስም ነው፤ እስካሁን አላዛወረችው።
መታወቂያዋ ቡርቱካን፣ ደብተሯ ቢርቱካን፣ ስልኳ ብርቱካን ይላል፤
አንዷን ብርቱካን ሦስት ቦታ ቆርጦ «ጭማቂ የላትም» ብሏል።
አምና ሐይቁ ሲነፍግ ጎረቤቶቿ ዘግይተው ነበር፤
የነሱም ዕዳ በሷ ላይ ተቆጠረ፣ አጥር ስለሚጋሩ፣ ድንበር ለድንበር።
ሠላሳ አንድ። ቀይ።

ከኋላዋ የቆመው ልጅ፣ ስሙን እዚህ አልጠራም፣
ከውርርድ ቤት ደጃፍ ቀንም ሌትም አይርቅም።
አንዱን ልኮ፣ አንዱን ተበድሮ፣ አንዱን ሲቀበል፣
ስልኩ እንቅልፍ የለው፤ ገንዘቡ እንደ ባጃጅ ሲሽከረከር የሚውል፣
ሰማንያ አራት አገኘ። አረንጓዴ።
«ንቁ ደንበኛ» ተባለ። እሱንም ገረመው፤ አየኝ አንዴ።

«ማን ነገረው ስለኔ?» አለች ብርቱካን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።
«ማንም። አስልቶ ነው» አልኳት፣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ
ጠጋ እያልኩ።
«ሐሜት እንኳ አፍ አለው፤ ተከትዬ እደርስበታለሁ፤
ጠበኛም ደጅ አለው፤ ሽማግሌ እልክበታለሁ፤
የዚህስ በሩ የት ነው?»
ጎንበስ ብላ፣ እንደ ሰው፣ ጠየቀችው፦ «አፊኒ?»

በሲዳማ ፍርድ ሳይቆረጥ፣ ዛፍ ስር የተቀመጠ ሁሉ ይጠየቃል፤
ሰማችሁ ወይ? አጣራችሁ ወይ? ያልሰማ እንዴት ይፈርዳል?
ስክሪኑ መጠበቅ ሰለቸውና ጠቆረ፤
በጥቁሩ ላይ የራሷ ፊት ብቻ ቀረ።

ያን ማታ፣ ሰዉ ወጥቶ፣ ጋሽ ገልገሎ ሬዲዮኑን ከከፈተ በኋላ፣
ቅጿን እንደገና ሞላሁት፣ ሰፈሯን ብቻ ለውጬ፣ በሌላ።
ሃምሳ ስምንት። ቢጫ።
ዓሣዋ ያው፣ ዕቁቧ ያው፤ የተለወጠው አንድ ሳጥን ነው፣ የቀበሌ ምርጫ።
ለባለሙያው ደወልኩ። «ከምን ተማረ?» ብለው፣
«ከራሳችሁ መዝገብ» አለኝ፤ «የአሥር ዓመት ፋይል ነው ያጎረስነው።»

ምድር ቤት ወረድኩ። አቧራ። የካርቶን ክምር።
ከዚያ ሰፈር የመጣ ማመልከቻ፣ ውድቅ፣ ውድቅ፣ በተራ ቁጥር።
በአንዱ ኅዳግ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ተቻኩሎ የተጻፈ፦
«ሰፈሩ አያስተማምንም።» ፊርማው ጭራውን እንደ አምባዛ ያጠፈ።
የኔ ፊርማ።
ለምሳ ቸኩዬ ይሆናል። የሰውየው ፊት አይታወሰኝም።

ቅዳሜ አሞራ ገደል ሄድኩ። ሁለት ቆሮሶ ገዛሁ።
ልነግራት ነበር የሄድኩት፤ ዋጋ ተከራክሬ አፌን ያዝሁ።
በለተችልኝ። መልሱን፣ አንድ ብር ሳታጎድል፣ ቆጥራ ሰጠችኝ።
«ሲስተሙ ደህና አደረ?» አለችኝ።
ከጀርባዋ አባ ኮዳው፣ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ፣
እንደ ሒሳብ ሹም ቆሟል፣ የሚጣልለትን ቆጥሮ።