ከአሥር ሰዓት በፊት

ጠዋት እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለው ሰማይ፣
ቀትር ሲሆን ያብጣል ከኮረብቶቹ ላይ።
ጥቅምት ነው በኬረላ፤ ከጎማ ዛፎቹ ጀርባ
ደመናው ቆሞ ያስባል፣ ይግባ ወይስ አይግባ።

እኔ የሌሊት ነርስ ነኝ፤ ቀን ነው የምተኛ።
መኪናዬም በረንዳው ሥር፣ ግሉኮስ እንደተሰካለት በሽተኛ፣
ከግድግዳው ጠብ ጠብ፣ ቀስ ብሎ ይሞላል፤
የባንኩ ወረቀት ግን ገና አራት ዓመት ይላል።

አባቴ ኢቱፕ ከቀትር በኋላ አይተኛም፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ምሰሶ የወጣ ሰው፣ ሰማይ ቢስቅለት አይሞኝም።
ጡረታ መሰላሉን ወሰደበት፤ ጆሮውን አልወሰደውም፤
ከኢዱኪ ማዶ ያለ ጉርምርምታ አያመልጠውም።
ብድግ ይላል። ነጠላ ጫማውን በእግሩ ይፈልጋል።
ፀሐይ ገና ልብስ ስታደርቅ፣ እሱ ሶኬት ይነቅላል።
ሳይቃጠል በቅጠል ተረት አይደለም ለሱ፤ የጡረታ ሥራው፤
የጎማ ጓንት አጥልቆ ነው ገመዱን የሚጠቀልለው፣ እንደ እባብ እየፈራው።

«አባ፣» እላለሁ ካልጋዬ፣ «ተው እንጂ፣ ምን ያስፈራሃል?
ከቆጣሪው ሥር ያስገጠምነው መከላከያ አለ፤ አረንጓዴ ያበራል።»
«ጥሩ ዘበኛ ነው፤» ይለኛል፣ «ግን ዘበኛም ይሞታል።

መብረቅ የሚመጣ ይመስልሻል ጣራሽን በስቶ፤
እሱ ግን ይመጣል፣ ሦስት መንደር ማዶ ምሰሶ መትቶ፣
ሽቦ ላይ ጋልቦ፣ እንደ ሂሳብ ሰብሳቢ በቆጣሪሽ ገብቶ።»

የመዳቡን ዘንግ ከጉድጓዱ ጎን እሱ ነው የቀበረ፣
በበጋ እንኳ ከማይደርቅ አፈር፣ መዶሻውን እየቆጠረ።
«መንገድ ስጪው ወደ ምድር፤ ካልሰጠሽው ራሱ ይቀድዳል፤
እሱ የቀደደው መንገድ ደግሞ በሰው በኩል ይሄዳል።»
ኩታፓንን ማለቱ ነው። ስሙን ግን አያነሳም፤
ሁለት ወጥተው አንድ የወረዱበትን ምሰሶ አይረሳም።

ያን ማክሰኞ አባቴ ሐኪም ቤት ነበር፣ ዓይኑን ሊታይ።
እኔን ድብን ያለ እንቅልፍ ወስዶኛል፤ መኪናው ሽቦው ላይ።
የነቃሁት በብርሃን ነው። ድምፁ ተከትሎ መጣ፣
አንድ ብዬ ሁለት ሳልል። ልቤ ከደረቴ ወጣ።
በባዶ እግሬ ዝናብ ውስጥ ሮጥኩ፤ ወደ ሶኬቱ እጄን ስዘረጋ
ከአጥሩ በር አንድ ጩኸት ደረሰ፣ ከነጎድጓዱ ጋ።
«እንዳትነኪው!» አባቴ ነው፤ ባንድ ዓይኑ ፋሻ፣ ባንዱ እንባ፤
«ጊዜው አልፏል! ይቃጠል፣ ተይው! ነይ ከዚያ፣ ቤት እንግባ!»

በመስኮት ቆመን አየን። የጎረቤታችን የሻንታ ኮኮናት
አናቱ ላይ ክብሪት የተጫረበት መስሎ በራ፤
መንደሩ ሁሉ ጨለመ፣ ከዳር እስከ ዳር በተራ።
አባቴ ክንዴን አልለቀቀም።
የጣቶቹ ምልክት እስከ ሐሙስ ከክንዴ አልለቀቀም።

ማታ በባትሪ ሄደን አየን፤ አረንጓዴው መስኮት ቀልቷል።
ዘበኛው በሥራ ላይ ሳለ ሞቷል።
መኪናው ደህና ነው። ስሰካው፣ ምንም እንዳልሆነ፣ መጥባቱን ቀጥሏል።
የአባቴ ቴሌቪዥን ግን፣ የዚያ የጠንቃቃው፣
የአንቴናው ገመድ እንደተሰካ በስሎ ተገኝቷል።
«የባለሙያ ቤት!» አልኩት።
አልሳቀም መጀመሪያ። ኋላ ግን ሳቀ፤ ሳል እስኪይዘው ሳቀ፣
የዓይኑ ፋሻ እስኪላላ፣ የሻንታ ውሻ እስኪነቃ ሳቀ።

አሁን ስልኬ ይጮሃል፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፤
እንቅልፌን ሰብሬ እነቅላለሁ፣ ጥርት ቢል እንኳ ሰማይ።
አዲስ ዘበኛ ቀጥረናል፤ ደመወዙን ከፍለን፤
ግን እንደ ድሮው አልተማመን፣ በአረንጓዴው ተታለን።
አባቴ ከወንበሩ ሆኖ ከብልጭታ እስከ ድምፅ ይቆጥራል፦
አሥራ አንድ፣ ዘጠኝ፣ ሰባት... ቁጥሩ ሲያጥር ድምፁም አብሮ ያጥራል።
አምስት ላይ ያቆማል።
ከዚያ በታች ያለውን ከኩታፓን ጋር ቆጥሮታል።