ውሃ ልክ

ጎህ ሲቀድ እወርዳለሁ፥ ባትሪና ደብተር ይዤ፣
ከጮቄ በሚወርድ ብርድ፥ እስከ ጣቴ ጫፍ ደንዝዤ።
ከግድቡ ጥግ ተተክሏል፥ ቀይና ነጭ ዘንግ፣
ውሃው የት እንዳደረ፥ የሚናገር ያለ ወግ።
"ቁጥሩን ብቻ ይጻፉ" ብላኛለች ትርንጎ፥ መሐንዲሷ፤
ቁጥር ብቻ ያለበትን ውሃ፥ አይታ ይሆናል እሷ።

እኔ ግን ሳነበው፥
ዐሥራ አራት ሲል አውድማው፥ በጨረቃ የወቃንበት፤
ዐሥራ ስድስት ሲል ግራሩ፥ ቀፎ የሰቀልንበት፤
ዐሥራ ዘጠኝ ሲል ዝም እላለሁ፥ እስክሪብቶዬን ደግኜ፤
እዚያ ነው የወሰኑ ድንጋይ፥ ዐሥራ አንድ ዓመት ዳኛ ለምኜ
ፍርድ ያላገኘሁበት።

ባለጋራዬ ሽባባው፥ የአጎቴ ልጅ ነው፥ ደም ነን፤
በአንድ አይሱዙ ቢቸና ሄደን፥ በአንድ ትሪ ሽሮ በልተን፣
ከዚያ ችሎት።
እሱ "አራት ክንድ ገፋኝ" ይላል፤ እኔም "አራት ክንድ ተገፋሁ"፤
ለጠበቃ ለቴምብር፥ ሁለት ወይፈን አጠፋሁ።

ከዚያ ውሃው መጣ። ቀጠሮ አላለ፤ ምስክር አልጠራ፤
ሁለታችንን ረትቶ ተኛ፥ ከዚህ ተራራ እዚያ ተራራ።
ካሳ ተቆጠረልን፥ በካሬ ሜትር፥ በሳንቲም፤
ያ አራት ክንድ በማን ስም እንደተከፈለ ግን፥ ዛሬም አላወቅሁም።
ዘበኛ ሳይሉ "አንባቢ" ብለው ቀጠሩኝ፤ ደመወዟ ትንሽ ናት፤
ፊደል የለየሁት ከመጥሪያ ወረቀት ነው፥ በኩራዝ፥ ሌሊት ሌሊት።

ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ። ሽቦው እንደ ንብ እያጉረመረመ ያልፋል፤
ሩቅ ያለ ከተማ ሲያበራ፥ የኛ ውሃ በክንድ ይጎድላል።
ግንቦት ላይ ዐሥራ ስምንት አለ፤ ጭቃው ተሰነጣጠቀ፤
ድንጋዩም በጎኑ ተጋድሞ፥ ከነቀንድ አውጣው ደረቀ።

ስወርድ ሽባባው ቀድሞኛል፥ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፤
ቆሟል ከድንጋዩ ራስጌ፥ የሚለውን ሌት አስቦ።
"በል አሳየኝ፥ አባቶቻችን ያቆሙት የት ላይ ነበር?"
ጣቴን ቀሰርሁ። ማሳ የለ፤ ቦይ የለ፤ ቁጥቋጦ የለ።
"እንጃ" አልሁ።
"እኔም እንጃ" አለ።

በሙግታችን ዘመን ሁሉ፥ ያኔ ነው ቃላችን የገጠመ፤
ድንጋዩን ግን ማንም አላነሣው፤ ቀረ እንደተጋደመ።

ሰኔ ገባ፤ ሰማይ ተቀደደ። ዛሬ ዐሥራ ዘጠኝ ተኩል።
ሽባባው ከዳር ተቀምጦ፥ ቅቅል ድንች ይገምሳል እኩል፤
"እስኪ ደግመህ እየው" ይላል፥ "ልክ ነው የጻፍኸው ቁጥር?"
ዘንጉን ደግሜ አያለሁ። ነፋስ የለም። ውሃው ጸጥ፥ አንድ መስመር።
"ልክ ነው" እለዋለሁ።
"ውሃ ልክ።"