አመድ አውጪው

በቱኒዝያ ጠረፍ፥ ባሕር የከበባት፥
አንዲት ደሴት አለች፥ ጀርባ ነው የሚሏት።
ስሟ ነው፥ አልቀለድኩም፤ እዚያ ሁለት ወንድም
ጀርባ ለጀርባ ኖሩ፥ ቃል አልተለዋወጡም።

መኽሉፍ እና ሹሻን፥ የአሮን ዘር ናቸው፤
ብር ማቅለጥ፥ ብር መቅረጽ፥ የአባት ሙያቸው።
ሱቁን ሲካፈሉ በሚዛን ተጣሉ፤
ስምንት ፋሲካ ሄደ፥ አንድ ቂጣ ሳይበሉ።

መኽሉፍ ከዚያ ወዲህ ለምርቃት አይቆምም፤
ቂም ይዞ የሚባርክ፥ ቃሉ ሥር አይሰድም።
ሌሎቹ ካህናት ሸማ ሲከናነቡ
ሳል ያዘኝ ይልና ይወጣል ከሕዝቡ።

አንድ ማለዳ ታዲያ፥ ወፍ ሳይንጫጫ ገና፥
ከወናፉ አጠገብ ተንበረከከና
የትናንቱን አመድ ሲዝቅ በመዛቂያ
ቃል መጣ ከኦሪት፥ የካህን መጀመሪያ፦
መሥዋዕት አይደለም፤ ጎህ ሲቀድ ካህኑ
የበፍታ ልብሱን ታጥቆ በየቀኑ
አመድ ነው የሚያወጣ፥ ሌላ ምንም ሳይነካ፤
እሳቱን የሚያፍነው የራሱ አመድ ነው ለካ!
የማይጠፋ እሳት ይላል፤ ከቶ መች ጠፋና፥
ተዳፍኖ ነው እንጂ፥ ጠራጊ አጣና።

ከመጋረጃው ማዶ ሊቀ ካህን ሲገባ
ዐሥራ ሁለት ዕንቍ ነበር የደረቱ አበባ።
በየዕንቍው ስም አለ፥ የወንድም፥ የወንድም፤
አስቀየመኝ ብሎ አንዱን የነቀለ የለም።
የሸጠም፥ የተሸጠም፥
ጎን ለጎን ናቸው ሁሉም።

ዕንቍ ሰኪ አይደል? ያውቃል የባዶ ቤት ነገር፤
ፈርጥ የወለቀበት ጌጥ፥ ጥርሱ ይመዝዛል ክር።
ስምንት ዓመት ክር መዘዘ ከገዛ ሸማው ላይ፤
ቀዳዳውን ግን አላየም፥ እስከዚች ንጋት ፀሐይ።

አመዱን በወንፊት ነፋው፥ እንደ ልማዱ፤
ብር አንጣሪ አይጥልም ሳይፈትሽ ከአመዱ።
ጠብ አለች፥ ከምስር የማትበልጥ፥ ጥቁር የለበሰች ብር፤
በአውራ ጣቱ ሲያሻት፥ ነጭ ሆነች፥ እንደ ነበር።

በዚያው ልብሱ ሄደ፥ ሳይታጠብ፥ ሳይቀይር፤
የወንድሙ ቤት እኮ፥ ሦስት በር ነው ቢቆጠር።
በሩን ሲከፍት ሹሻን፥ እጁን አየው፥ አመዱን፤
«ግባ» አላለውም፤ አመጣ ማንቆርቆሪያውን።

ውሃው ፈሰሰ፥ ጠቆረ፥ ከዚያም ጠራ ቀስ በቀስ።
ሳፋው የአባት ነው፥ ናስ።
ያ የድንኳኑ ሰንም ከመስተዋት ነው የተሠራ፤
ካህን እጁን ሲታጠብ፥ የሚገጥመው ከራሱ ጋራ።
እዚህ ሁለት ሽማግሌ፥ አንድ አፍንጫ፥ አንድ ቅንድብ፤
የቱ የማን እንደ ሆነ፥ ውሃው ራሱ እስኪያስብ።

«ሚዛኑስ?» አለ መኽሉፍ። «ዝጎ ይሆናል» አለ።
ሁለቱም አልሣቁም፤ ግን ነገሩ እዚያ ላይ ቀለለ።

ሰንበት ላይ ሳል አልያዘውም፤ ሸማው ውስጥ ተሰወረ፤
«በፍቅር» የምትል ቃል ላይ ድምፁ ጥቂት ተሰበረ።
ጣቶቹ እንደ መስኮት ተከፈቱ።
ሕዝቡ ዓይኑን ጨፍኖ ነው፤ ማንም አላየም፥ ጥፍሩ ሥር
ከስምንት ዓመቱ አመድ የቀረች አንዲት ቀጭን ክር።