የሸኘነው መጣ

ባታን በምትባል፣ ፊሊፒንስ ጫፍ ላይ፣
ታይዋን በምትቀርባት ከማኒላ በላይ፣
ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ጣራው የሣር ክዳን፤
ከነፋስ ጋር ያለን የገመድ ነው ኪዳን።

ሥራዬ ይሄ ነው፦ ኮረብታው ጫፍ ወጥቼ
ሰማይ እለካለሁ፣ በቁጥር ፈትቼ፤
ግፊቱን፣ ርጥበቱን፣ ነፋሱን መዝግቤ
ለሬዲዮ እልካለሁ፣ ስሜን ከሥር ከትቤ።

በጥቅምት መባቻ አንድ ዐውሎ መጣ፤
ሁለት ቀን፣ ሁለት ሌት ቁጣውን አወጣ፤
የሲሪላን ፍየል፣ የቄሱን መስኮት፣
የበራሪ ዓሣውን ማድረቂያ እንጨት፣
ወሰደ፣ ወሰደ፤ በሰሜን አልፎን
ወደ ምዕራብ ባሕር፣ ጀርባውን ሰጥቶን።

መዘገብኩ፦ «አልፏል።» ፈረምኩ፦ «ስጋት የለም።»
ሬዲዮው ደገመው በዚያው በእኔ ቀለም።
ሰፈሩ ገመዱን ፈትቶ ጠቀለለ፤
የተረፈ ታንኳም ወደ ባሕር አለ።
ኦኖፍሬ ብቻ፣ ታንኳ ሠሪው ጎረቤት፣
አንዲት ቋጠሮ እንኳ አልፈታም ከዚያ ቤት።
ጥበብ አይምሰላችሁ፤ ጉልበቱን አሞት ነው፤
መሰላል መውጣቱን ለነገ ትቶት ነው።

ከምሥራቅ ደግሞ ሌላኛው ነበረ፤
ፍርሃታችን ሁሉ ወደ እርሱ ዞረ።
በካርታዬ ላይ ግን አንድ ነገር አየሁ፤
እርሳሴን አንሥቼ ደግሜ ለካሁ።
ፊተኛው መሄዱን ትቶ ቆሟል ባሕር ላይ፣
ከኋላው ስሙን የጠሩት መንገደኛ መሳይ።
ኋለኛውም፣ ወደ እኛ በቀጥታ መምጣቱን
ትቶ፣ ወደ ሰሜን አዘነበለ ፊቱን።

አልተነካኩም። አልተጋጩም። በመሀላቸው
አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ውኃ ነው ያላቸው።
ግን አንዱ ለሌላው ነፋሱን አውሶ፣
ይሄ ያንን ገፍቶ፣ ያ ይሄን መልሶ፣
ሁለቱም ዞሩ በአንድ እንዝርት ዙሪያ፣
ሰዓት በማይዞርበት፣ በሌለ ማሰሪያ።

የእንዝርቱን ቦታ ነጥብ አደረግኩበት።
ምን አለ እዚያ? ደሴት የለበት፣
መርከብ የለበት፤ ምናልባት አንዲት ወፍ
ክንፏን አጥፋ ውኃው ላይ፣ ማዕበል እስኪያልፍ።
ይህ ሁሉ ቁጣ እንግዲህ የሚዞረው
ማንም በሌለበት፣ ባዶ ቦታ ነው።

አለቃዬ በስልክ ከማኒላ ደውሎ
አስረዳኝ፣ «ይህ ነገርኮ ስም አለው» ብሎ።
የጃፓን ሊቅ ስም ነው። እኛን ግን ስም ሳይሆን
ገመድ ነበር ያን ቀን የሚያስፈልገን።

ዳገቱን በብስክሌት ወረድኩ እየጮኽኩ፦
«እሰሩ! ተመልሷል!» የፈረምኩትን ሻርኩ።
ሲሪላ በሯ ላይ ቆማ ሳቀችብኝ፤
«አንቺ አይደለሽ ሄዷል ያልሽው?» ብላ ጠየቀችኝ፤
ሳቋን ሳትጨርስ ገመድ አቀበለችኝ።

የፈራነው ቀረ፤ የሸኘነው መጣ።
ቀረ ማለት ደግሞ፣ ሌላ ጣራ ወጣ፤
በኦኪናዋ በኩል፣ ስሙን በማላውቀው
ሰው ቤት ላይ ተቀምጦ ገመዱን ጠየቀው።

ሌሊቱን አሳለፍን በኦኖፍሬ ቤት፣
ሠላሳ አንድ ሰው፣ አንድ ዶሮ፣ ሦስት ድመት።
እርሱም ጥግ ይዞ ጉልበቱን እያሸ፣
ሲያመሰግኑት፣ «አሞኝ ነው» ሲል አመሸ።

ነጋ። ከመዝገቤ «አልፏል» የሚለውን
አልሰረዝኩትም፤ እዚያው ተውኩት ቃሉን።
ከጎኑ በእርሳስ አንዲት ነጥብ ጣልኩ፤
ስለዚያች ወፍ ግን ማንንም አልጠየቅኩ።