ከመስታወቱ ወዲህ

የምሠራው ፒያሳ፥ ከኬክ ቤቱ ጓዳ፥
ዱቄት ለብሼ ነው፥ ዘወትር ማለዳ፤
«መልካም ልደት ሶልያና»፥ «እንኳን ደስ ያላችሁ»፥
እላለሁ በክሬም፥ ለማላውቃችሁ፤
የተረፈውን ግን፥ ከጣቴ ላይ ልሼ፥
ወደ ቀጣዩ ቶርታ፥ እዞራለሁ መልሼ።

ያኔ ነው የሚመጣው፥ በግራ ዓይኔ ጥግ፥
እንደ ቆርቆሮ ጫፍ፥ ብልጭ የሚል ዝግዛግ፤
የሶልያና «ሶ»፥ ትጠፋለች ቀድማ፥
ከዚያ ግማሽ ቶርታው፥ ከዚያ እጄ፥ ጨለማ።
ከዚያ ይጀምራል፥ ቅንድቤን ሲፈልጥ፥
ውጪ እንዳለው ማሽን፥ አስፋልት እንደሚቆርጥ፤
ሁለት መዶሻ ነው፥ አንዱ ከመንገዱ፥
አንዱ ከራሴ ውስጥ፥ ተስማምተው ሲወርዱ።

ከጓዳው ገብቼ፥ መብራት አጥፍቼ፥
በስኳር ጆንያ ላይ፥ ፊቴን ደፍቼ፥
ዘውድነሽ ካሸሯ፥ «ዓይን ነው» ስትል፥
ባለቤቱ ደግሞ፥ «ዛሬም ተኛች?» ሲል፥
ሁሉን እሰማለሁ፤ መመለስ ግን አልችል።

ዳማከሴ አሽትቼ፥ ፌጦ ታጥኜ፥
ኪኒን በየዓይነቱ፥ እንደ ቆሎ ዘግኜ፥
አሥራ አንድ ዓመት።

አራት ኪሎ ያለችው፥ ዶክተር ትርሲት፥
ካርዴን አገላብጣ፥ ጥቂትም ሳትታክት፥
«ሥራሽ ምንድን ነው?» አለች።
ነገርኳት። ሳቀች።
ሳቋን ዋጥ አድርጋ፥ ብዕሯን አነሣች፦
«ስሚኝ ስንቅነሽ፥ እንጀራውን ተዪ፥
ዳቦና ድንቹን፥ ስኳርንማ አትዪ፤
እንቁላል፥ አቮካዶ፥ ጎመን በቅቤ፥
ሦስት ወር እንሞክር፤ እኔም አለሁ ቀርቤ።
ቃል አልገባልሽም። ለአንዱ ይሆናል፥
ለሌላው እንዲያው፥ ድካም ብቻ ይሆናል።»

«እንጀራ ተዪ» ስትል፥ የቱን ነው? አልኩኝ፤
የምበላው አለ፥ አለ የሚያበላኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት፥ ከሕመሙ ብሶ፥
ጉልበቴን አራደው፥ አፌ ብረት ቀምሶ፤
ዳቦ ከምድጃ፥ ሲወጣ በትሪ፥
ሽታው ይጠራኛል፥ «ነይ እንጂ፥ አትኩሪ!»
አንድ ማታ ሰረቅሁ። ኩኪስ። ሁለት ፍሬ።
ንጋት ላይ ከፈልኩኝ፥ በገዛ ግንባሬ።

የቅቤውን ዋጋ፥ አትጠይቁኝ ይቅር፤
ግማሽ ደሞዜ ነው፥ መርካቶ የሚቀር።
ምሳ ዕቃዬን ስከፍት፥ ዘውድነሽ አየችና
«ሎተሪ ደረሰሽ?» አለችኝ፥ ቀና ብላ ገና።

ደግሞ ሁዳዴ ገባ።
ለአባ ወልደ ሰንበት፥ ነገሬን ዘርዝሬ፥
«ቅቤ ታዞልኛል» አልኩ፥ መሬት መሬት አይቼ።
ዝም አሉ፥ ዝም አሉ፥
«ልጄ፥ በሽታ ያለበት፥ ያዘዙትን ይብላ» አሉ።
እሳቸው ፈቀዱ፤ ያልፈቀድኩት እኔ፤
ተልባና ሰሊጥ፥ አቮካዶ በጎኔ፥
ቆስጣ በዘይት አርሼ፥
ሃምሳ አምስቱን ቀን፥ ተሻገርኩ ቀስ ብዬ።

ከጓዳው ግድግዳ፥ ካላንደር አለችኝ፥
የታመምኩበትን ቀን፥ በእርሳስ የምከብባት፤
ታኅሣሥ አሥራ ሰባት፥ ጥር አሥራ ስድስት፥
የካቲት ዘጠኝ፥ መጋቢት ላይ አራት።

አልዳንኩም። እሱን እወቁልኝ።
ዝናብ ሊመጣ ሲል፥ እንቅልፍ ሲጎድለኝ፥
ዝግዛጉ ይመጣል፥ በሬን ያንኳኳል፤
ግን እንደ ባለቤት አይገባም፥ እንግዳ ሆኗል።

ትናንት ያቺው እናት፥ ያንኑ ስም አዘዘች።
ልጅቷ አድጋለች፥ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ
እጄን ትከተላለች።
ሶ። ል። ያ። ና።
አራቱም ቆሙልኝ፥ አንዱም ሳይሸሽ ከዓይኔ።
«አንቺስ አትቀምሺም?» አለች።
ጣቴ ላይ ክሬም ቀርቷል፥ እንደ ድሮው፥ ትንሽ፥
በሽርጤ ጠረግኩት፥
ሣጥኑን በቀይ ሪባን አሰርኩላት።