የስጦታ መዝገብ

የታርቱ ጉባኤ፣ ሦስተኛ ቀኑ ነው።
ከመስኮቱ ውጪ ሰማዩ ሳይነጋ ነው የመሸው።
አራት ገምጋሚዎች፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣
ሊቀመንበሯ ቪርቬ ሰዓቷን በእጇ ይዛ፤
ከፊንላንድ ታኔሊ፣ ከቪልኒየስ አውድሮኔ፣
በሁለት ማዛጋት መሐል ደግሞ እኔ።

«የጥምር ምርምር ግምገማ» ይላል የቅጹ አናቱ፤
ከሃያ ትብብሩ፣ ከሠላሳ ስልቱ።
ከጠዋት ጀምረን ዐሥራ ስድስት ሰማን፤
ሁሉም «አብረን ሠራን»፣ ሁሉም «ተስማማን»።
አራት አርማ ከላይ፣ አራት ፊርማ ከታች፤
የሰርግ ፎቶ ነው፣ ሙሽሪት ግን የለች።

ቁጥር ዐሥራ ሰባት፦ የፔይፕሲ ሐይቅ በረዶ።
ራግናር የተባለ ልጅ ቆመ፣ ፊቱ ነድዶ።
ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ የየማለዳው ልክ፣
መስመሩ ሳይዛነፍ፣ ቁጥሩ ሳይታወክ።
ከሰንጠረዡ ግርጌ ግን፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል
«ምንጭ፦ የአካባቢ ሰው» ይላል።

እጄን አወጣሁ። «ይህ ሰው ስም የለውም?»
ልጁ ውሃ ጠጣ። «ሴት ናት። ስም አላት። ኢሜይል ግን የላትም።»

ከዚያ ስላይዱን ትቶ ነገረን በቃሉ፦
ዚኖቪያ ይሏታል፤ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፤
ከሐይቁ ዳር ነው ቤቷ፣ ሽንኩርት ነው መደቡ ሁሉ።
«ጸሎታችን አይለወጥ» ብለው ከሩሲያ የሸሹ፣
ዓሣ አጥምደው፣ ሽንኩርት ተክለው፣ በዚያ ዳር የመሹ፣
የእነዚያ ዘር ናት።
በረዶ ከድቶት ባሏ ሲሰጥም መቅዘፊያው ቀረላት፤
ቢላ አንሥታ ጥርስ ጥርስ አርጋ ቀረጸችበት።
ከዚያ ወዲህ በየማለዳው በረዶውን ትበሳለች፣
መቅዘፊያውን ሰድዳ ጥርሱን ትቆጥራለች፤
ይሸከም እንደሆን ነጭ ጨርቅ፣ አይሸከም እንደሆን ቀይ፣
ትሰቅላለች በሯ ላይ።
ለዓሣ አጥማጆቹ ነው። ለሳይንስ አልነበረም።
ሳይንስ ዘግይቶ መጣ፤ ደብተሯን ጠየቀ፤ እሷም አልነፈገችም።

ታኔሊ መነጽሩን ጠረገ፦ «ቅጹ ላይ ሣጥን የለም፤
ድርጅት እንጂ ግለሰብ አጋር ሊባል አይችልም።»
አውድሮኔ፦ «በመቅዘፊያ ተለክቶ፣ ስሕተቱ ስንት ነው?»
«ከመሣሪያችን ጋር ስናስተያየው፣ የተሳሳተው መሣሪያው ነው።»

እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬ የንጹሕ ሰው አልነበረም።
በወጣትነቴ ሳሬማ ደሴት ላይ አንድ ጀልበኛ ነበር፤
ማዕበል ከመነሣቱ በፊት ወፎቹ ወዴት እንደሚዞሩ
ሁለት በጋ ሙሉ፣ መረብ እየጠገነ፣ አስተማረኝ።
በጽሑፌ «የግል ምልከታ» አልኩት፤ ማዕረግም አስገኘኝ።
ስሙ በ«ኤ» ይጀምራል።
ከዚያ ወዲያ ጠፋኝ።

ይኼኔ ራግናር ጎንበስ አለ፣ ከቦርሳው ጎትቶ
የሽንኩርት ጉንጉን አወጣ፣ እንደ ሹሩባ ተሠርቶ።
«ለሚያርሙት ሰዎች ስጥልኝ ብላኛለች፤
መንገዱ ሩቅ ነው፣ ይርባቸዋል ብላ አስባለች።»
አዳራሹ አፈር አፈር ሸተተ። ቪርቬ ደነገጠች፦
«ለገምጋሚ ስጦታ! ደንቡ ይከለክላል፤ ይመዝገብ» አለች።

ጸሐፊው ሰማያዊውን መዝገብ ገልጦ ብዕሩን ነቀለ።
«የሰጪው ሙሉ ስም?»
ልጁ ቀስ ብሎ፣ አንድ ፊደል እንዳይጎድል እየተጠነቀቀ፦
«ዚኖቪያ። የኩዝማ ልጅ። ዶልጎሼቫ።»
«ዓይነቱ?» «ሽንኩርት።» «ብዛቱ?» «አንድ ጉንጉን።»
«ግምቱ?»
ማሞቂያው ብቻ አቃሰተ።

እንዲህ ሆኖ ነው ስሟ በቀለም የተጻፈው፣
ማኅተም ያረፈበት፣ አራት ሰው የፈረመው፤
ከጥናቱ ላይ አይደለም፣
ከጉቦ መከላከያው መዝገብ እንጂ፣ ገጽ ዘጠኝ፣ ሦስተኛው ተራ ላይ ነው።

ከሃያው ስድስቱን ለአራቱ አርማ ሰጠሁ።
ዐሥራ አራቱ የሷ ነው፤ ሣጥን ስላጣሁ
ከኅዳጉ ላይ ጻፍኩት፣ በእርሳስ፣ ጠበቅ አድርጌ፣
ማንም እንደማያነበው እያወቅሁ።

ታኔሊ መነጽሩን አውልቆ እንደገና ዓይኑን ጠረገ፤
«ሽንኩርቱ ነው» አለ።
ሽንኩርቱ ገና አልተላጠም።

«ቁጥር ዐሥራ ስምንት» አለች ቪርቬ፣ ሰዓቷን እያየች።